አሮጌው ኮምፒውተርና ምዕራፍ ዘጠኝ

ጥር 12

ለምወድሽ የእህቴ ልጅ፣

እንደምን ከርመሻል? ያ ዝምተኛ ባልሽስ? እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ሲያይ ይቆጣል። ጆሮዬ እንደምታውቂው ነው። ስልኩ ሲጠራ መብራቱን አያለሁ እንጂ ድምፁን አልሰማም። ስለዚህ ደብዳቤያችን ይቀጥል። በእጅሽ ያልጻፍሽውን አልከፍትም ያልኩትም እንደጸና ነው። በማሽን የተጻፈ ደብዳቤ ከባንክ ይመጣል፣ ከዘመድ አይመጣም።

ባለፈው ዓመት ያ ፅንስ ከወረደብሽ ወዲህ የምትጽፊልኝ ሁሉ ስለ ሥራ ሆኗል። አልወቅስሽም። ሰው የሚይዘው ሲያጣ ሥራውን ይይዛል።

ወደ ጠየቅሽኝ ልመለስ። መልሴ አይሆንም ነው። ኮምፒውተሬን አልነካም፣ አላስነካም። ሲስተሙ አርጅቷል፣ ይታደስ ትያለሽ። እኔም አርጅቻለሁ፤ ማን ያድሰኛል? ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል። ይሄ ሰይጣን ሲነሳ ሻይ አፍልቼ እስክጠጣ ያስጠብቀኛል፣ ግን አንድም ቀን አልነሳም ብሎኝ አያውቅም። ኢንተርኔት የሚባለውንም አላስገባሁበትም፤ አራስ ያለችበት ቤት እንግዳ አይበዛበትም። የአዋላጆች መጽሐፌ በሙሉ ያለው እዚያ ውስጥ ነው። ጡረታ ከወጣሁ ጀምሮ በሁለት ጣት እየለቀምኩ የጻፍኩት፣ ስንት ሴት በምጧ ያስተማረችኝ ሁሉ። አይጠፋም ብለሽ አትስጊ፤ "መንታ" የሚል ፎልደር ከፍቼ ሙሉውን ሁለተኛ ጊዜ አስቀምጬዋለሁ። አንዱ ቢጠፋ አንዱ አለ።

ችግሩ ሌላ ነው። የአዋላጆች ትምህርት ቤቱ ዲሬክተር፣ የድሮ ተማሪዬ ናት፣ መጽሐፉን ለማሳተም ወስናለች። እስከ ሚያዝያ መጨረሻ ፋይሉ ካልደረሳት ግን ሌላ መጽሐፍ ይመረጥና ለዓመታት በዚያው ይኬዳል። ወረቀቱን ልላክልሽ ብላት አልተቀበለችም። አንድ ገጼን አስተይባ አይታ ኖሯል፤ የመድኃኒቱ መጠን ላይ አንድ ዜሮ ተጨምሮበት መጣ። በእኛ ሙያ አንድ ዜሮ ማለት አንዲት ሴት ናት።

እሺ ብዬ ፍላሽ ገዝቼ ሰካሁበት። ኮምፒውተሩ ምንም አላየሁም አለ። የፍሎፒው አፍ ከተዘጋ ቆይቷል። ከመንገዱ ማዶ ሱቅ ያለው ጠጋኝ፣ "ሁሉን ያውቃል" የምንለው፣ "ፎርማት አድርጌ አዲስ ልጫንልዎታ፤ ግማሽ ቀን አይፈጅም" አለኝ። "ውስጡ ያለውስ?" ስለው "የቱ?" አለኝ። ደጃፉን ዳግመኛ አልረገጥኩም።

እንግዲህ መጽሐፉ ውስጥ ነው፣ መውጫ የለውም። እንዲህ ያለ ነገር በሥራዬ ብዙ አይቻለሁ፤ ያኔ ግን እጄን የት እንደማደርግ አውቅ ነበር። አንቺው ነይና እይው።

አክስትሽ


ጥር 26

ለተከበሩ እቴቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ ደህና ነን። ዝምተኛው ሰላም ይላል፤ ሰላም ያለው ራሱን በመነቅነቅ ነው። እኔም ደህና ነኝ፣ መሥሪያ ቤት ውስጥ የሚበላሽ ኮምፒውተር ሁሉ ጠረጴዛዬ ላይ ተከመረ እንጂ።

ስለ "መንታ" በጣም ስቄያለሁ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እቴቴ፣ ሁለቱም ያሉት እኮ አንድ ዲስክ ላይ ነው። መንታ ልጆችን አንድ ቅርጫት ውስጥ አስተኝተው፣ ቅርጫቱ ቢወድቅ አንዳቸው ይተርፋል እንደማለት ነው። ዲስኩ ደግሞ ካረጀ ቆይቷል። አልነካውም ማለት አይበላሽም ማለት አይደለም። እርስዎ ሳይነኩት ራሱ የሚሄድበት ቀን አለ።

ያ "ሁሉን ያውቃል" የሚለው አንድ ነገር ነው፣ እኔ የምለው ሌላ። ፎርማት ማለት ቤቱን አፍርሶ መሥራት ነው። እኔ የማስበው ግን ሰዎቹ ውስጡ እንዳሉ ጣሪያውን መቀየር ነው። አዲሱ ሲስተም አሮጌው ላይ ይጫናል፣ ፋይሎቹ ባሉበት ይቆያሉ፣ ፍላሹም ይታያል። አደጋ የለውም አልልዎትም። የሚጽፉበት የፊደል ፕሮግራም የድሮ ስለሆነ፣ ከታደሰ በኋላ ፊደሎቹ ተለዋውጠው ምልክት ብቻ ሊመስሉ ይችላሉ። አይደንግጡ፤ ወደ ፊደል የሚመልስ ፕሮግራም እኔ ጋ አለ። ያልተጠበቀ ነገር ግን ሁልጊዜ አለ። ስለዚህ ከምንም በፊት መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር በወረቀት ያትሙት።

ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ? በየካቲት መጨረሻ ፈቃድ ወስጄ እመጣለሁ። እኔ ራሴ አጠገብዎ ቁጭ ብዬ እሠራዋለሁ። እስከዚያ ማንም እንዳይነካው።

የእህትዎ ልጅ


የካቲት 9

የኔ ልጅ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ስለ ቅርጫቱ የጻፍሽውን ሦስት ጊዜ አነበብኩትና መጀመሪያ ተናደድኩ፣ ቀጥሎ ሳቅኩ። እውነትሽን ነው። መንታውን ግን አልሰርዘውም፤ ለምጄዋለሁ።

እንዳልሽው ሁሉንም አትሜያለሁ። ፕሪንተሩ እንደ ግመል ቀለም ጠጣ። ወረቀቱ የልብስ ስፌት መኪናዬ ላይ ተከምሯል፤ እንግዳ ሲመጣ ምንድነው ይለኛል፣ ዕድሜዬ ነው እለዋለሁ።

በደብዳቤሽ ጀርባ በደቃቁ ስለ ነፍሰ ጡሯ የሥራ ባልደረባሽ የጠየቅሽኝን አይቼዋለሁ። ጠዋት ጠዋት ከአልጋ ሳትወርድ ደረቅ ብስኩት ትብላ። ሽታ የሚያስጠላትን ክፍል ትሽሽ፣ ማፈር የለባትም። ደም ካየች ግን ደብዳቤ አትጻፍ፤ ያንኑ ሰዓት ሐኪም ዘንድ ትሂድ። ሰላም በይልኝ። ጎበዝ ልጅ ትመስለኛለች።

የኮምፒውተሩን ነገር ስንነጋገር ግን ልቤ ገና አልቆረጠም። በሥራዬ ሁለት ዓይነት መጥፎ አዋላጅ አይቻለሁ። አንዷ ትቸኩላለች፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው ነው። ሌላዋ ትፈራና እጇን ኪሷ ከትታ "እንጠብቅ" ትላለች። እውነተኛ መጠበቅ እጅን ሆድ ላይ አድርጎ ነው። እኔ አሁን የትኛዋ እንደሆንኩ አላውቀውም። ፈርቼ ይሁን አውቄ የምጠብቀው ለራሴም አልተለየኝም።

ስለዚህ አንድ ነገር ልጠይቅሽና እውነቱን መልሺልኝ። የራስሽ ቢሆን ትነኪዋለሽ? ልብሽ ላይ ያለ፣ ሁለተኛ የማይገኝ ነገርሽ ውስጡ ቢሆን?

ክፍልሽን አስተካክዬልሻለሁ። መስኮቱም ይከፈታል አሁን።

አክስትሽ


የካቲት 24

ለተከበሩ እቴቴ፣

በእርሳስ ስለጻፍኩ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እስክሪብቶዬ አልጽፍ አለኝ።

ከዚህ የሚከፋውን ይቅርታ ደግሞ እንዴት እንደምጀምረው አላውቅም። መምጣት አልቻልኩም። መሥሪያ ቤታችን ወደ አዲስ ሕንፃ እየገባ ነው፣ ፈቃድ ሁሉ ተከልክሏል። ወገቤንም ትንሽ አሞኛል፤ ሩቅ መንገድ አውቶቡስ ላይ መቀመጥ አይሆንልኝም። የሚያሳስብ ነገር አይደለም። ክፍሉን አስተካክለው መጠበቅዎን ሳስብ ግን አለቀስኩ።

ለጠየቁኝ እውነቱን ልንገርዎ። የራሴ ቢሆን አልነካውም። የሰው ኮምፒውተር ስከፍት እጄ አይንቀጠቀጥም፣ እየዘፈንኩ ነው የምፈታው። የራሴ የሆነ ነገር ሲሆን ግን አልችልም። አንድ ጊዜ አምኜ የከፈትኩት ነገር እጄ ላይ ከጠፋ ወዲህ፣ ባለበት ይቆይልኝ፣ ማንም አይየው፣ ማንም ስሙን አይጥራ ነው የምለው። ከአሁን በፊት የጻፍኩልዎ የባለሙያ መልስ ነው። ይሄኛው የእኔ ነው።

ስለዚህ እቴቴ፣ ዘንድሮን እንተወው። ለዲሬክተሯ ሌላ ዓመት ይበሏት። የማደሻውን ሲዲ ለዝምተኛው ሰጥቼዋለሁ፤ ለሥራ በእርስዎ በኩል ስለሚያልፍ ያደርስልዎታል። እኔ እስክመጣ ግን መሳቢያ ውስጥ ይቀመጥ።

የእህትዎ ልጅ


መጋቢት 3

የኔ ልጅ፣

ዝምተኛው ሲዲውን አድርሷል። ሻይ አጠጣሁት። "ደህና ናት?" አልኩት፤ ራሱን ነቀነቀ። ግን ረጅም ጊዜ ነቀነቀ። ከዚያ በላይ አልጠየቅኩትም። ስለ እርሳሱም አልጠይቅሽም።

አሁን ስሚኝ። ቆርጫለሁ። ኮምፒውተሩ ይታደሳል፣ የማድሰውም እኔ ነኝ፣ ሌላ ዓመት የሚባል ነገር የለም።

ለምን እንደቆረጥኩ ልንገርሽ። ባለፈው ሳምንት አንዲት ወጣት አዋላጅ ከሩቅ ጤና ጣቢያ ልትጠይቀኝ መጣች። እኔ ድሮ በቃል ያስጻፍኩትን ትምህርት ከጓደኛዋ ገልብጣ፣ ጓደኛዋም ከሌላ ገልብጣ፣ ወረቀቱን በላስቲክ ጠቅልላ ይዛዋለች። ኮርታበት አሳየችኝ። አነበብኩት። አንድ መስመር ጎድሏል፤ "እንግዴ ልጁ እስኪለይልሽ አትጎትቺ" የሚለው። "ይሄን ሳታውቂ አዋልደሻል?" ስላት፣ "አንድ ጊዜ ልጎትት ስል ትልቋ ነርስ እጄን ያዘችኝ" አለችኝ። ሁልጊዜ ትልቅ ሰው አጠገብ አይገኝም፣ ልጄ። መጽሐፉ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ኮምፒውተሬን ስጠብቅ የከረምኩት ለካ ፈርቼ ነው፤ አሁን ለየልኝ።

የራሴ ሲሆን አልችልም ላልሽው ደግሞ አንድ ያልነገርኩሽ አለ። ስንቱን ካዋለድኩ በኋላ፣ ስም ካወጣሁ በኋላ፣ አንድ ቀን እጄ ተንቀጠቀጠ። አንቺ ስትወለጂ ነው። እህቴ ናት የምታምጠው፣ የምትመጪውም አንቺ ነሽ። ሌላ አዋላጅ ትምጣልኝ ብዬ ልሸሽ ነበር። ከዚያ እየተንቀጠቀጠም ቢሆን እጄን ዘረጋሁ። የሚንቀጠቀጥ እጅ መጥፎ እጅ አይደለም፤ ስለሚወድ ነው። የተሰበሰበ እጅ ነው መጥፎው።

አትምጪ። ባለሽበት እረፊ። ኮምፒውተሩ ምን እንደሚጠይቀኝና ምን እንደምመልስለት ብቻ ጻፊልኝ። ደብዳቤሽ በደረሰኝ ማግስት ጠዋት እጀምራለሁ።

አክስትሽ


መጋቢት 11

ለተከበሩ እቴቴ፣

ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች ይባላል። እኔ ደግሞ ለአዋላጅ ላስተምር ነው፤ ይታዘዙኝ እንግዲህ።

ከመጀመርዎ በፊት መብራት ቢጠፋ የሚይዘውን ባትሪ ሙሉ መሆኑን ይዩ። ሲዲውን ያስገቡና ኮምፒውተሩን አጥፍተው ያብሩ። መጀመሪያ ቋንቋ ይጠይቅዎታል፤ የለመዱትን ይምረጡ። ቀጥሎ ረጅም የውል ጽሑፍ ያመጣል፤ በዓለም ላይ አንብቦት የሚያውቅ ሰው የለም፣ እሺ ይበሉት። ሦስተኛው ጥያቄ ነው ዋናው። ሁለት ምርጫ አለው። የላይኛው ያለውን ጠብቆ ማደስ ነው። የታችኛው ሁሉን ጠርጎ እንደ አዲስ መጫን ነው። የላይኛውን ነው የሚመርጡት። እጅዎ ከተንቀጠቀጠ ማውዙን ይተዉትና በኪቦርዱ ቀስት ወደ ላይ ይውጡ፣ ሁለት ጊዜ ያንብቡት፣ ከዚያ ይጫኑ።

በመሃል ስክሪኑ ጥቁር ይሆናል። ለረጅም ጊዜ። የሞተ ይመስላል፤ አልሞተም። እንዳያጠፉት፣ እንዳይነቀንቁት። ይጠብቁት።

ሲመለስ ፍላሹን ይሰኩና የመጽሐፉን ፋይሎች በሙሉ፣ አንድም ሳያስቀሩ፣ ኮፒ አድርገው ይላኩልኝ። ፊደሉን እኔ አስተካክዬ ለትምህርት ቤቱ አደርሳለሁ።

ባልደረባዬ ብስኩቱ እንደጠቀማት ነግራኛለች። ሐኪሙ ያላትንም እየፈጸመች ነው።

ፈርቻለሁ እቴቴ። ግን አይተዉት።

የእህትዎ ልጅ


መጋቢት 22

የኔ ልጅ፣

ተገላገልን። ኮምፒውተሩም እኔም ደህና ነን።

እንዴት እንደሆነ አልተርክልሽም፤ ምጧን የምታወራ እናት አሰልቺ ናት። ይህን ብቻ ልንገርሽ። ስክሪኑ ሲጠቁር እጄን ሣጥኑ ላይ አደረግኩና ተቀመጥኩ። ሙቀት ነበረው። ሙቀት እስካለው ድረስ ምን ያስደነግጠኛል? ጠጋኙ "ሁሉን ያውቃል" በመስኮት ሲያየኝ ለኮምፒውተር የምጸልይ መስሎት ራሱን ይዞ ሄደ።

ኮምፒውተሩ ፍላሹን አየው። እንዳልሽው ፊደሉ ሁሉ ምልክት ሆኗል፤ አልደነገጥኩም፣ ነግረሽኛልና። ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ።

ምዕራፍ ዘጠኝ ግን አልተሳካም። ብከፍተው ብሠራው እምቢ አለ። ከነጭራሹ ተበላሽቷል መሰለኝ፣ ሌላውን እንዳይበክል ብዬ አወጣሁትና ጣልኩት። ደግነቱ በወረቀት አትመነዋል፤ ያው ፖስታው ውስጥ አለልሽ። አደራ፣ ትየባ ቤት እንዳትሰጪ፤ ዜሮውን አስቢ። ራስሽ ጻፊው። የአንቺ ኮምፒውተር ጭን ላይ የሚቀመጥ ዓይነት አይደል? ከጀርባሽ ትራስ አድርጊ። በቀን ትንሽ ትንሽ ጻፊ፣ ማንም አያሯሩጥሽም። ሚያዝያ ከማለቁ በፊት ከደረሰ ይበቃል። ዝምተኛው ያንብብልሽ፤ ድምፅ እንዳለው እንወቅ እስቲ።

እርሳሶችና መቅረጫም ጨምሬልሻለሁ። ጥሩ እርሳስ ነው፣ ቶሎ አይሰበርም።

አክስትሽ


ሚያዝያ 15

ለምወድዎ እቴቴ፣

መጽሐፉ ደርሷል። ዲሬክተሯ ሙሉውን ከፍታ አይታ፣ አንድ ፊደል አልጎደለም፣ ወደ ማተሚያ ቤት ሄዷል ብላ መልስ ልካልኛለች። አስቀድሜ ይህን የጻፍኩት ሌላውን ሲያነቡ ልብዎ እንዳይንጠለጠል ነው።

የምዕራፍ ዘጠኝን ወረቀት ከፖስታው ሳወጣ ርዕሱን አየሁና መልሼ ከተትኩት። "አንድ ጊዜ ያጣች ሴት ዳግመኛ ስትፀንስ።" የመጀመሪያውን ቀን ርዕሱን ብቻ ጻፍኩና ኮምፒውተሩን ዘጋሁት። በማግስቱ ዝምተኛው አልጋው ዳር ተቀምጦ ማንበብ ጀመረልኝ። ከተጋባን ጀምሮ ይህን ያህል ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። ድምፅ አለው እቴቴ፣ ያውም ጥሩ ድምፅ። እሱ ያነባል፣ እኔ እጽፋለሁ፣ ሲደክመኝ ያቆማል። አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ግን ሳይደክመኝ አቆመ። ወረቀቱን ተቀብዬው ራሴ አነበብኩት።

"እንዲህ ያለችው ሴት ለማንም አትናገርም። ስሙን ከጠራችው የሚሄድባት ይመስላታል። ያማታል፣ ሌላ ሰው አመመው ትላለች። ትተኛለች፣ ሥራ በዛብኝ ትላለች። አትጠይቂያት፣ ውሸቷንም አታጋልጪባት። ለእጇ የሚሆን ሥራ ስጪያት። ራሷ ጠይቂኝ እስክትል አጠገቧ ቆዪ።"

ሁለታችንም አለቀስን፣ ከዚያ ጻፍኩት።

ሁሉን ጨርሼ ለትምህርት ቤቱ ልልክ ስል፣ የቀረ ነገር እንዳይኖር ፍላሹን እንደገና ፈተሽኩ። አንድም ሳያስቀሩ ያልኩዎትን ፈጽመዋል። "መንታ" የሚለው ፎልደርም አብሮ መጥቷል። ከፈትኩት። ምዕራፍ ዘጠኝ ቦታው ላይ ተቀምጧል። ፊደሉን መለስኩት፤ ከላይ እስከ ታች አንድ ነጥብ ሳይጎድልበት ተከፈተ። እቴቴ፣ ስንት ዓመት ኮምፒውተር ስጠግን እንደዚህ ያለ ብልሽት አይቼ አላውቅም።

ከቅርጫቱ አንዱን ሲያወጡ ሁለተኛውን ረሱት፣ አይደል?

ለትምህርት ቤቱ የላክኩት ግን እኔ የጻፍኩትን ነው። ከመንታው ጋር ቃል በቃል አስተያይቼዋለሁ። የተጨመረ ዜሮ የለም።

እስክሪብቶ በጀርባ ተኝተው ሲጽፉበት ቀለሙ አይወርድም። ይህን እኔ ሳልነግርዎ አውቀውት ነበር፤ እርሳሱንም የላኩልኝ ለዚያ ነው። ከጥር ጀምሮ ያልጻፍኩልዎ ብዙ ነገር አለ። ሐኪሙ ትናንት "አሁን ቀና ብለሽ መቀመጥ ትችያለሽ" ብሎኛል። ይህን ደብዳቤ በእስክሪብቶ ነው የጻፍኩት። አይተውታል መቼም።

አሁን ይጠይቁኝ።

የእህትዎ ልጅ